የአባባ መርሴዲስ ማስታወቂያ ይታረምልኝ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ፣ ከሚከራይ ቪላና ከጠፋ የትምህርት ማስረጃ መሃል፣ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች። እንዲህ ትላለች፦ «የሚሸጥ መርሴዲስ 220 ዲ። የ1966 ሞዴል። የጃንሆይ ዘመን ሚኒስትር የነዷት። ቀለሟ የፋብሪካ ጥቁር። ሞተሯ ያልተነካ። ወንበሯ ቆዳ።» ከታች ስልክ አለ።

መኪናዋ የእኛ ነች። ያሳተመው ታናሽ ወንድሜ ነው። ስልኩም የእሱ ነው፤ እሱ ትክክል ነው። የቀረው ግን መታረም አለበት፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

እናንተን አልወቅስም። ማስታወቂያ ተቀብላችሁ ታትማላችሁ እንጂ ኮፈን ከፍታችሁ አታዩም። ወንድሜንም ውሸታም አልለውም። የጻፈው ሁሉ አባባ ሲናገሩ የሰማውን ነው። እኔም ያንኑ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሂሳብ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ስለ መኪና የማውቀው ናፍጣ መቅዳትና ቦሎ መለጠፍ ነው። ወረቀት ግን አውቃለሁ። ሁለት ወረቀት ካልተስማማ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አባባ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ወንድሜ ለሽያጭ ፎቶ ሊያነሳት ሲያጸዳ፣ የክሩስኮቱን ኪስ በሙሉ ፌስታል ውስጥ ገልብጦ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ አስቀመጠው። እኔ ደግሞ የሰው እቃ ሳላይ አልጥልም። ከፌስታሉ ግማሽ ሚዶ ወጣ። የናፍጣ ኩፖን ቅሪት ወጣ። እማዬ ስንት ዓመት ሙሉ ሠራተኛ የጠረጠረችበት የአንድ ጆሮ ጉትቻ ወጣ። ከሥር ደግሞ ሽፋኑ ፕላስቲክ የሆነ የጀርመንኛ መመሪያ መጽሐፍና ቀጭን የሰርቪስ ደብተር። በመጽሐፉ ሽፋን ኪስ ውስጥ አንድ ካርድ ታጥፎ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ ነው» አለኝ ወንድሜ።

ካርዱን ዘረጋሁት። በትናንሽ ሳጥን የተከፋፈለ ነው። በየሳጥኑ ቁጥር በማሽን ተመቷል። አርዕስቱ ሁሉ ጀርመንኛ ነው። ለሌላ ሰው ቆሻሻ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ሌጀር ነው የመሰለኝ።

ጎረቤታችን ጋሼ በደርግ ጊዜ ድሬስደን ሄደው ምህንድስና የተማሩ ሰው ናቸው። ጀርመንኛቸውን የሚያወጡት የቡንደስሊጋ ጨዋታ ሲኖር ብቻ ነበር። ካርዱን ይዤ ሄድኩ። ቡና አስፈሉ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ አርዕስቶቹን አንድ በአንድ ፈቱልኝ። «ፋርጌሽቴል፤ ሻንሲ ነው። ሞቶር፤ ያው ሞተር። ጌትሪበ፤ ካምቢዮ። ሌንኩንግ፤ መሪ። ላክ፤ ቀለም።» የኮዶቹን ፍቺ ደግሞ የልጄ ልጅ ከስልኩ እየፈለገ አነበበልኝ። ለካ ይህ ካርድ ራሱን የቻለ ስም አለው። ዳታ ካርድ ይሉታል። ፋብሪካው መኪናዋን ሲሠራ ምን ሞተር፣ ምን ካምቢዮ፣ ምን ቀለም፣ ምን ወንበር እንደሰጣት የመዘገበበት ነው። እንደ ልደት ካርድ ማለት ነው።

በሙያዬ እንደለመድኩት ሠራሁ። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ። አንዱ ካርዱ የሚለው። ሁለተኛው ሊብሬው የሚለው። ሦስተኛው ብረቱ ራሱ የሚለው። አባባ የሚሉት የሚል አራተኛ ዓምድ መጨመር አማረኝ፤ ተውኩት።

በሻንሲው ልጀምር። ቁጥሩ 115110 ብሎ ይጀምርና 10 ይከተላል። ከዚያ ስድስት አኃዝ። ልክ እንደ ሂሳብ መደብ እየተቆረጠ ነው የሚነበበው። 115 የመኪናዋ ዘር ነው። 110 ባለ 220 ዲ መሆኗን ይናገራል። ቀጥሎ ያለው 1 መሪዋ በግራ መሆኑን ነው። 0 ማርሿ በእጅ የሚገባ ነው ማለት ነው፤ አውቶማቲክ ብትሆን 2 ይሆን ነበር። የመጨረሻዎቹ ስድስቱ የራሷ ተራ ቁጥር ናቸው። ካርዱ፣ ሊብሬውና ብረቱ ሦስቱም ተስማሙ። እፎይ አልኩ። ቢያንስ መኪናዋ የእኛው ነች።

ወደ ዓመቱ ስሄድ ነገር መጣ። ማስታወቂያው በወጣ ማግስት ከዋሽንግተን የደወለ ወገን ነበር። አሮጌ መርሴዲስ የሚሰበስብ ሰው ነው መሰለኝ። «የ66 ሞዴል 220 ዲ የሚባል ነገር የለም፤ ይህ መኪና ገና በ68 ነው የወጣው» ብሎ ወንድሜን አሳፍሮት ስልኩን ዘጋ። ወንድሜ ሊብሬውን እያሳየ ሊያለቅስ ደረሰ። ሊብሬው ላይ በግልጽ «የተሠራበት ዓመት 1966» ይላል።

ሁለቱም ትክክል ናቸው እኮ። ሰውየው የፈረንጅ 1966 መስሎት ነው። ሊብሬው የኛን ነው የሚለው። የሰርቪስ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የርክክብ ማህተም አለ። የከተማው ስም ደብዝዟል። ቀኑ ግን ይነበባል፦ 14.2.74። ጀርመኖች ቀኑን ነው የሚያስቀድሙት። ወደ እኛ ስመልሰው የካቲት 7 ቀን 1966 ዓ.ም. መጣ። ብረቱም ይመሰክራል። ይህ ሞዴል በ1973 መስከረም ገደማ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ፊቱ ተቀይሯል። ግሪሉ ዝቅና ሰፋ ብሏል። የፊት በሮች ላይ የነበረችው ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ መስኮት ቀርታለች። የኛዋ ትንሿ መስኮት የላትም። የኋላ መብራቷም ሽንሽን ነው፤ እሱም የአዲሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። በጋዜጣችሁ የመኪና ማስታወቂያ ስታወጡ እባካችሁ ከዓመቱ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. አስገቡ። ለዘንድሮ መኪና ሰው ይገባዋል። አሮጌ መኪና ላይ ግን ሰባትና ስምንት ዓመት ቀልድ አይደለም። ማዶ ያሉ ጎረቤታችን አንድ ቮልስ አላቸው። «የ65 ሞዴል ነች» ይላሉ፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቄያቸው ራሳቸውም ግራ ገባቸው። የኋላ ወንበሯን አንስተን ሻንሲው ላይ የተመታውን አየን። 118 ብሎ ይጀምራል፣ በጠቅላላው ዘጠኝ አኃዝ ነው። ሦስተኛው አኃዝ ሞዴሉን ይነግራል። 8 ማለት የ1968 ሞዴል፣ ያውም በፈረንጅ። የቮልስ ሞዴል ዓመት የሚጀምረው ደግሞ ካለፈው ዓመት ነሐሴ ነው። ስለዚህ በ1967 መጨረሻ ተሠርታም ሊሆን ይችላል። በኛ ሲሰላ ከ1959 ማለቂያ እስከ 1960 ይሆናል። ጎረቤቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ቀንሰውኛል።

ወደ አባባ መኪና ልመለስ። የካቲት 1966ን አስቡት። በዚያ ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ሥራ አቁመዋል። ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቋል። የጃንሆይ ሚኒስትሮች ከወንበራቸው ሲነሱ የኛዋ መኪና ገና ለመጀመሪያ ባለቤቷ እየተሰጠች ነበር። በመርከብ መጥታ፣ ቀረጥ ተከፍሎባት፣ ታርጋ እስኪወጣላት ደግሞ ስንት ወር። በኅዳር 1967 ምን እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። የትኛው የጃንሆይ ሚኒስትር ነው እንግዲህ የነዳት?

እማዬን ጠየቅኳት። «የምን ሚኒስትር?» አለችኝ። «ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አስተማሪ ነው የገዛናት። አንሶላውንም አብሮ ሸጦልናል።»

ቀለሙ ላይ ደረስን። ሊብሬው ጥቁር ይላል። ብረቱም ለዓይን ጥቁር ነው። ካርዱ ግን ላክ በሚለው ሳጥን ውስጥ 623 ይላል። የልጄ ልጅ ፈልጎ «ሄልኤልፈንባይን» ብሎ አነበበ። ጋሼ ሳቁ። «ሄል ፈካ ያለ ነው። ኤልፈንባይን የዝሆን ጥርስ። ፈዛዛ ክሬም በይው። ጀርመን አገር ታክሲው ሁሉ በዚህ ነበር የሚቀባው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በምዕራብ ጀርመን ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታክሲ ሁሉ ይህን ቀለም እንዲቀባ ተደንግጎ ነበር። እኛ ጋ ሰማያዊና ነጭ እንደሚባለው ማለት ነው።

ወንድሜ ደነገጠ። «አባባ ታክሲ ነው የገዙት?» አለ። ካርዱ ታክሲ አይልም፤ ቀለሙን ብቻ ነው የሚለው። ማንም ሰው ይህን ቀለም ማዘዝ ይችል ነበር። እሱ ግን ካርዱን ራሱን ማመን አልፈለገም። «የሌላ መኪና ካርድ ቢሆንስ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኦዲተር ቢሆን ያዋጣው ነበር።

ስለዚህ ወደ ብረቱ ሄድን። በዚህ ሞዴል ከራዲያተሩ በላይ ባለው ማገር ላይ አንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም ሰሌዳ አለች። የቀለም ቁጥሩ እዚያ ላይ ተመትቷል ይላሉ። ኮፈኑን ከፈትን። ሰሌዳ የለም። ጥቁር ማገር ብቻ። ጣቴን ሳሳልፍበት ግን አንድ ቦታ ላይ ጠርዝ ነካኝ። የቀባው ሰው ሰሌዳዋን ሳይነቅል፣ ሳይሸፍን፣ እላይዋ ላይ ረጭቶባት ሄዷል። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ሰውየውም አሁን በሕይወት ያለ አይመስለኝም። ግን ወረቀት መለጠፊያ ፕላስተር ያኔም ነበር።

የአባባን አሮጌ ካኒቴራ ቀደድኩ። ቲነር ነከርኩ። ወንድሜ ብርጭቆ ወረቀት ሊያመጣ ሲል ከለከልኩት፤ ቁጥሩን ይበላዋል። በስሱ፣ ክብ ክብ እያደረግኩ አሸሁ። መጀመሪያ ካኒቴራው ጠቆረ። ከዚያ ብር የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ከዚያ 6 ወጣ። ወንድሜ ትንፋሹን ዋጠ። 2። ከዚያ 3፤ ጎኑ ላይ ደግሞ አንዲት ፊደል። ለካ ፊደሏ የቀለም አምራቹን ነው የምታመለክት። ጨርቁን አስቀምጬ ወደ ኋላ ዞርኩ፤ ፖርቶ ባጋሊዮውን ከፍቼ በአፉ ዙሪያ ያለውን የላስቲክ ጠርዝ ገለጥኩት። ከሥሩ፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ፣ እንደ ትኩስ ቅቤ ያለ ክሬም ቀለም። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። በዚያች መኪና ኋላ ወንበር ላይ ተኝተን አድገናል። አንድም ቀን አይተነው አናውቅም።

እማዬ እንደገና ተጠየቀች። በዚህ ጊዜ ሳቀች። «እኔ ነኝ ጥቁር ይሁን ያልኩት» አለች። ክሬም በነበረች ጊዜ ሰፈር ውስጥ ሠርግ በመጣ ቁጥር ይለመኑ ነበር። አባባ እምቢ ማለት አያውቁም። ቅዳሜና እሁድ የሰው ሙሽራ ሲያመላልሱ፣ ከረሜላና አበባ ሲያጸዱ ይውሉ ነበር። አንድ ጊዜ ኬክ ወንበሩ ላይ ተደፍቶ መጣ። «ጥቁር ከሆነች ማንም ሙሽራ አይፈልጋትም ብዬ ነው» አለች እማዬ። «ከዚያ በኋላ ለቀብር ይለምኑን ጀመር።» ጥቁር ከሆነች ወዲህ ነው እንግዲህ አንዱ «የሚኒስትር መኪና መሰለች» ያላቸው። አባባ ደግሞ ሰውን አላረሙም። እያደር «መሰለች»ው ቀርቶ «ነበረች» ሆነ።

ስለ ወንበሩ ብዙ አልልም። የወንበር ኮዱ በ1 ይጀምራል። ቆዳ ቢሆን በ2 ነበር የሚጀምረው። 1 ማለት ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ ነው። አንድ ቦታ አልተቀደደም፤ ቆዳ ቢሆን ይህን ሁሉ ዓመትና ያን ሁሉ ኬክ አይችልም ነበር። ትርፍ እቃ የሚመዘገብበት ሳጥን ደግሞ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በጣሪያ የሚከፈት መስኮት እንኳ፣ 410 የሚባለው፣ የላትም። የታዘዘችው በቆንጣጣ ሰው ነው።

የሞተሩ ነገር ነው የከበደኝ። አባባ ስለዚህ ሞተር ሲያወሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጉ ነበር። «የማንም እጅ ያልነካው» ይሉ ነበር። ካርዱ ላይ የሞተሩ ቁጥር በ615 ይጀምራል። የ220 ዲ ሞተር ነው። 2197 ሲሲ፣ 60 የፈረስ ጉልበት። ብሎኩ ላይ የተመታው ግን በ616 ይጀምራል። እሱ የ240 ዲ ነው። 2404 ሲሲ፣ 65 ፈረስ። ያው ቤተሰብ ስለሆነ ቦታው ላይ ልክ ይገባል ይላሉ መካኒኮች። ስለዚህ የሆነ ጊዜ የሆነ ሰው ሞተሩን አውርዶ ሌላ ሰቅሏል።

ጋራዥ ነው የሸወዳቸው ብዬ ተናደድኩ። አባባን አታለው የሰው ሞተር ገጠሙላቸው ብዬ። ከዚያ ሊብሬውን አየሁ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር በ616 ነው የሚጀምረው። ማለትም አባባ ራሳቸው ሄደዋል። ተሰልፈዋል፣ አስመርምረዋል፣ ለውጡን አስመዝግበዋል፣ ፊርማቸውን አኑረዋል። መንግሥት ያውቃል። እኛ ነን የማናውቀው። ሊብሬው ያን ሁሉ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ነበር። የሂሳብ ባለሙያዋ ልጃቸው አንድ ቀን አውጥታ አላነበበችውም።

ሞተር የተለወጠበትን ዓመት እማዬ ታስታውሳለች። የእኔ የኮሌጅ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት ገንዘብ ጠፍቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ለምን እንደጠፋ ማንም አልነገረኝም። ከዚህ በላይ አልቆፈርኩም።

ወንድሜ አሁንም አኩርፏል። ደላላው «ታሪኳን ካጠፋሽው ዋጋዋን ታጠፊዋለሽ» ብሎኛል። እኔ ግን ወደ ዋሽንግተን መልሼ ደወልኩ። አቆጣጠሩን አስረዳሁት፣ ስለ ካርዱ ነገርኩት። ሰውየው ስለ ሚኒስትሩ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ካርዱን በፎቶ ላኪልኝ አለ፤ ላክሁለት። የቀለም ሰሌዳዋንም ላኪልኝ አለ። ሠርጉን ስነግረው ሳቀ። ይግዛ አይግዛ ገና አላወቅሁም።

አሮጌ መርሴዲስ ያላችሁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ የመመሪያ መጽሐፉን ኪስ ዛሬውኑ እዩት። ካርዱ ጠፍቶም ከሆነ ፋብሪካው ቅጂ በመዝገብ ቤቱ ያኖራል፤ የባለቤትነት ማስረጃ ላቀረበ ሰው በሻንሲ ቁጥሩ ፈልጎ ይሰጣል። መኪናችሁን ስታስቀቡ ደግሞ ቀቢው አጠገብ ቆማችሁ ሰሌዳዎቹን በፕላስተር አስሸፍኑ። ሰሌዳ ነቅሎ ለመሸጥ የሚመክራችሁ ሰው ካለ ቁልፍ አትስጡት።

ክቡር አዘጋጅ፣ የተስተካከለው ማስታወቂያ ይኸውና። ከቀድሞው ስለሚረዝም የቃሉን ልዩነት እከፍላለሁ፤ ደረሰኝ ግን ይቆረጥልኝ።

«የሚሸጥ መርሴዲስ። ሻንሲዋ የ220 ዲ፣ ሞተሯ የ240 ዲ፣ ለውጡ በሊብሬ የተመዘገበ። ርክክቧ የካቲት 1966 ዓ.ም. (1974 እ.ኤ.አ.)። ስትወለድ ክሬም፣ አሁን ጥቁር። ወንበሯ ፕላስቲክ፣ ያልተቀደደ። የፋብሪካ ካርዷና የሰርቪስ ደብተሯ አብረው ይሰጣሉ። ሚኒስትር አልነዳትም። ለሠርግም ለቀብርም አትሰጥም። ዋጋ በስምምነት።»

ስልኩ ያው የወንድሜ ነው። ካላነሳ ደግማችሁ ሞክሩ፤ ኩርፊያው ረጅም ጊዜ አይቆይም።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛዋ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ